ከብሪታንያ ወጥቶ የብሪታንያን ጡረታ መግዛት፦ በሩ የጠበበው ለማን ነው?

የብሪታንያ ገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26/2025 ለፓርላማ ያቀረቡት በጀት ብዙ የተወራለት በግብሩ ነው። በሰነዱ ውስጥ ግን በዚያ አገር ሠርተው የተመለሱ ወይም ለመመለስ የሚያስቡ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ አጭር ውሳኔ አለ። ከብሪታንያ ውጭ የሚኖር ሰው በፈቃዱ የጡረታ መዋጮ ለመክፈል የሚጠየቀው መስፈርት ከኤፕሪል 6/2026 ጀምሮ ከ3 ዓመት ወደ 10 ዓመት ከፍ ብሏል። ርካሹ የመክፈያ መንገድም ውጭ ላሉ ሰዎች ተዘግቷል።

ውሳኔውን በሁለት መንገድ አሳስቶ መረዳት ይቻላል። አንዱ “ከእንግዲህ ከውጭ ሆኖ መክፈል አይቻልም” የሚል ነው፤ ይቻላል፣ ግን መስፈርቱን ላሟላ ሰው፣ በውድ ዋጋ። ሌላው “10 ዓመት ያልኖረ ጡረታ የለውም” የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ደንቦችን አንድ ላይ ይደባልቃል። ሁለቱ ደንቦች አንድ ዓይነት ቁጥር መያዛቸው ራሱ ትልቅ ውጤት አለው፤ ወደዚያ እንመለሳለን። (ካልተገለጸ በስተቀር ቀኖቹና ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቡ ምን ነበር?

በብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ የሚሰላው በደመወዝ መጠን ሳይሆን በዓመት ብዛት ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠው ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው መዋጮ በቂ ሆኖ የተመዘገበበት የግብር ዓመት “የተቆጠረ ዓመት” ይሆናል። ከኤፕሪል 2016 በኋላ ለጡረታ የደረሰ ሰው ሙሉ አበል ለማግኘት በመደበኛው ስሌት 35 የተቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጉታል። ከ10 ዓመት በታች ያለው ምንም አያገኝም። በመካከል ያለው በየዓመቱ አንድ ሠላሳ አምስተኛ እየተሰላለት ይወስዳል። ሙሉው አበል በ2025/26 በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር፤ በ2026/27 ወደ 241.30 ከፍ ብሏል።

ሥራ ፈትቶ፣ ትምህርት ላይ ሆኖ ወይም ሌላ አገር ሄዶ ዓመት የጎደለበት ሰው ክፍተቱን በራሱ ገንዘብ መሙላት ይችላል። ይህ ነው በፈቃደኝነት የሚከፈለው መዋጮ። ሁለት ዓይነት ነው። ክላስ 3 የሚባለው በ2025/26 በሳምንት 17.75 ፓውንድ፣ በዓመት 923 ፓውንድ ነበር። ክላስ 2 የሚባለው በሳምንት 3.50፣ በዓመት 182 ፓውንድ ብቻ ነበር። ሁለቱም ለመንግሥት ጡረታ የሚያስቆጥሩት አንድ ዓይነት ዓመት ነው።

ከአገር የወጣ ሰው በቀድሞው ደንብ ሁለቱን ለመክፈል የሚጠየቀው፣ ቀደም ሲል በብሪታንያ 3 ዓመት በተከታታይ መኖሩ ወይም የ3 ዓመት መዋጮ መክፈሉ ነበር። ለርካሹ ክላስ 2 ተጨማሪ መስፈርት ነበረው፤ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ይሠራ የነበረ፣ አሁንም በሄደበት አገር የሚሠራ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ተመልሶ በዓለም አቀፍ ድርጅት የተቀጠረ ወይም ዱባይ ሥራ ያገኘ ሰው ይህን በቀላሉ ያሟላ ነበር። ፓስፖርት አይጠየቅም፤ የኢትዮጵያ ዜጋም ሆነ የብሪታንያ ዜጋ መብቱ እኩል ነው።

አሁን ክላስ 2 ውጭ ላሉ ሰዎች ቀርቷል። ክላስ 3 አልተዘጋባቸውም፣ ግን የ10 ዓመት ተከታታይ ኑሮ ወይም የ10 ዓመት መዋጮ ይጠይቃል። ለውጡ የሚመለከተው ከ2026/27 ጀምሮ ያሉትን የግብር ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት፣ ክፍተትን ለመሙላት የሚሰጠው የስድስት ዓመት የመክፈያ ጊዜ እስካላለፈ ድረስ፣ የሚዳኙት በቀድሞው ደንብ ነው።

ለማመን የሚከብድ ዋጋ

መንግሥት ይህን ለምን እንዳደረገ ለመረዳት ስሌቱን መሥራት ይበቃል። አንድ የተቆጠረ ዓመት በ2025/26 ተመን በሳምንት 6.58፣ በዓመት ወደ 342 ፓውንድ ይጨምራል። ይህን ዓመት በክላስ 3 የገዛ ሰው 923 ፓውንዱን ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ውስጥ ይመልሳል። በክላስ 2 የገዛው ደግሞ 182 ፓውንዱን በሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ መልሶ፣ የቀረውን ዕድሜውን ሁሉ በትርፍ ይኖራል። በማንኛውም የግል መድን ገበያ በዚህ ዋጋ የዕድሜ ልክ ገቢ የሚሸጥ የለም።

ነገሩን ወደ ጫፉ እንውሰደው። አንድ ሰው ለንደን 3 ዓመት ሠርቶ ወጣ እንበል። በአሮጌው ደንብ 7 ዓመት በክላስ 2 ቢጨምር፣ በ1,274 ፓውንድ የ10 ዓመቱን ዝቅተኛ ወለል ይረግጣል። የዚህ አበል በሳምንት 65.79፣ በዓመት ወደ 3,420 ፓውንድ ነው። 32ቱን ዓመታት በሙሉ ቢገዛ ደግሞ ጠቅላላ ወጪው 5,824 ፓውንድ ሆኖ፣ በዓመት 11,973 ፓውንድ የሚከፈልበት ሙሉ ጡረታ ያገኛል። ዕድሜውን ሙሉ በርሚንግሃም ፋብሪካ ውስጥ ሲቆረጥበት ከኖረው ሠራተኛ እኩል ማለት ነው።

የብሪታንያ መንግሥት “ከአገሪቱ ጋር ያላቸው ትስስር ቀጭን የሆነ ሰዎች በርካሽ ጡረታ እየገነቡ ነው” ሲል የሚያነሳው ክርክር እንግዲህ ባዶ አይደለም። የጡረታው ሥርዓት ቁጠባ አይደለም። ዛሬ የሚሰበሰበው መዋጮ ለዛሬ ጡረተኞች የሚከፈል ነው። በ182 ፓውንድ የተገዛውን ዓመት ወደፊት የሚከፍለው በዚያን ጊዜ የሚሠራው ትውልድ ነው።

ግፊቱ በ2023 እና በ2025 መካከል በግልጽ ታይቶ ነበር። አዲሱ የጡረታ ሥርዓት በ2016 ሲጀመር በተሰጠ ልዩ ፈቃድ እስከ 2006 ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ክፍተት መሙላት ይቻል ነበር። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ስልክ የሚደውለው ሰው በዛና መስመሩ ተጨናነቀ፤ ገደቡ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በመጨረሻ ኤፕሪል 5/2025 ተዘጋ። ለወትሮው ማንም ያላስተዋለው ዕቃ በርካሽ እንደሚሸጥ ሕዝቡ አወቀ፤ ሻጩም አወቀ።

ለምን ዋጋው ሳይሆን በሩ?

እዚህ ላይ ነው የፖሊሲው ምርጫ የሚታየው። ዋጋው ከጥቅሙ በጣም ሲያንስ መንግሥት ፈላጊውን የሚገድብባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፦ ዋጋውን መጨመር ወይም ማን ሊገዛ እንደሚችል መወሰን። የክላስ 3 ዋጋ የጡረታውን እውነተኛ ወጪ ተከትሎ የተተመነ ሳይሆን በየዓመቱ በመንግሥት ውሳኔ የሚስተካከል ቁጥር ነው። እሱን ወደ እውነተኛ ወጪው ማስጠጋት ቢፈለግ ብዙ እጥፍ መጨመር ይኖርበታል።

ያ ቢደረግ ግን የሚመታው ውጭ ያለው ብቻ አይሆንም። ልጅ ለማሳደግ ሥራ ያቆመች፣ በሽተኛ ያስታመመ፣ ንግዱ የከሰረበት፣ እዚያው ማንችስተር ወይም ሊድስ የሚኖር መራጭ ሁሉ ይመታል። ስለዚህ መንግሥት ዋጋውን ለአገር ውስጥ ነዋሪ እንዳለ ትቶ በሩን ውጭ ባለው ላይ አጠበበ። ውጭ ያለው የሚያሰማው ድምፅ አነስተኛ ነው። የብሪታንያ ዜጋ ከሆነ፣ ከወጣ 15 ዓመት ያለፈው እንዳይመርጥ ይከለክል የነበረው ገደብ ከ2024 ጀምሮ ስለተነሳ መምረጥ ይችላል። የኢትዮጵያን ፓስፖርት እንደያዘ ሠርቶ የተመለሰው ግን መዋጮውን የከፈለ፣ ድምፅ ግን ያልነበረው ሰው ነው።

ሁለቱን እርምጃዎች ለያይቶ መመዘን ይገባል። ክላስ 2ን ከውጭ ላሉ መዝጋት በእኔ ግምት የሚያከራክር አይደለም፤ ውጭ ያለው ሰው ክፍተት ካለበት የአገሩ ነዋሪ በአምስት እጥፍ ርካሽ የሚከፍልበት ምክንያት አልነበረም። የ10 ዓመቱ መስፈርት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለቱ የ10 ዓመት ደጆች

ጡረታ ለማግኘት ዝቅተኛው 10 ዓመት ነው። ከውጭ ሆኖ የጎደለውን ለመግዛት የሚጠየቀውም አሁን 10 ዓመት ሆነ። ውጤቱ ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት 8 ዓመት በብሪታንያ ሆስፒታል ሠርታ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች እንበል። በአሮጌው ደንብ ሁለት ዓመት ገዝታ ወለሉን ትረግጥ ነበር። በአዲሱ ደንብ 10 ስላልሞላች መግዛት አትችልም፤ ስላልገዛችም 10 አይሞላላትም። የ8 ዓመት መዋጮዋ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ አይመለስም፣ በሌላ መልክም አይከፈላትም።

መውጫ ቀዳዳ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። መስፈርቱ “ኑሮ ወይም መዋጮ” ስለሚል፣ አራት ዓመት ተምሮ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው የተቆጠረለት 6 ዓመት ብቻ ቢሆንም 10 ዓመት በተከታታይ ስለኖረ ማመልከት ይችላል። ሌላው ቀዳዳ ሌላ አገር የተሠራ ዘመን ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ከአሜሪካ ጋር ባላት ስምምነት፣ እዚያ የተሠራው ዘመን የ10 ዓመቱን ወለል ለማሟላት ሊደመር ይችላል። ስለዚህ 6 ዓመት ለንደን፣ 5 ዓመት ሚኒሶታ የሠራ ሰው ከብሪታንያ የ6 ዓመቱን ድርሻ የማግኘት ዕድል አለው። ስምምነቱ የዓመት ቁጥሩን ያገናኛል እንጂ ገንዘቡን አይደምርም።

ከኢትዮጵያ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። በኢትዮጵያ ሕግ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እያዋጡ፣ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የሚቆጠረው አገልግሎት ለንደን ላይ ዋጋ የለውም፤ የለንደኑም እዚህ አይቆጠርም። 8 ዓመት እዚያ፣ 8 ዓመት እዚህ የሠራ ሰው 16 ዓመት አዋጥቶ ከሁለቱም የ10 ዓመት ወለል በታች ይቀራል። የእኛው ሕግ ለጡረታ ዕድሜ ደርሶ 10 ዓመት ላልሞላው ሠራተኛ ቢያንስ ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ይፈቅዳል። የብሪታንያው ሥርዓት ዳረጎት የለውም።

ጀርመን እንዴት ፈታችው?

ማነጻጸሪያው ጠቃሚ የሚሆነው ጀርመን መብቱን በሌላ መሠረት ላይ ስለተከለችው ነው። በዚያ አገር የግዴታ መዋጮ የማይከፍል ማንኛውም ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ነዋሪ በፈቃዱ መክፈል ይችላል። በ2025 በወር ከ103.42 እስከ 1,497.30 ዩሮ የፈለገውን መጠን ይመርጥ ነበር፤ ብዙ የከፈለ ብዙ ያገኛል። ከአገር ሲወጣ ግን ይህ መብት አብሮት የሚሄደው በመሠረቱ ለጀርመን ዜጋ ነው። ፍራንክፈርት ሠርቶ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ከዚህ ሆኖ መቀጠል አይችልም።

በአንጻሩ ጀርመን ሊከፍል ላልቻለው ሰው ሌላ በር ትታለች። ከግዴታ መዋጮ ከወጣ 24 ወር ሲሞላው፣ ራሱ ያዋጣውን ድርሻ መልሶ መጠየቅ ይችላል። የአሠሪው ድርሻ እዚያው ይቀራል፤ የቀድሞው ዘመንም ከመዝገብ ይፋቃል። ዝቅተኛው ወለል ደግሞ 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ጡረታውን መጠበቅ ይሻለው እንደሆነ ማስላት አለበት። ለጊዜው ኪሱ ባዶ የሆነ ተመላሽ ብዙ ጊዜ ቼኩን ይመርጣል፤ ሁልጊዜ ትክክል ነው ለማለት ግን ይከብዳል።

እንግዲህ ጀርመን በዜግነት ዘግታ ገንዘቡን ትመልሳለች። ብሪታንያ ዜግነት አትጠይቅም፣ ግን 10 ዓመት ላልሞላው በሩንም ዘጋች፣ ገንዘቡንም አልመለሰችም። የአዲሱ ደንብ ጉድለት እዚህ ላይ ነው።

የሚቀዘቅዘው አበል

ዓመት መግዛት የተፈቀደለት ሰው ሁሉ መግዛት አለበት ማለት አይደለም። ስሌቱን ከሁሉም በላይ የሚለውጠው ጡረታው የሚወሰድበት ቦታ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ለሚኖር ጡረተኛ አበሉ በየዓመቱ በደመወዝ ዕድገት፣ በዋጋ ንረት ወይም በ2.5 በመቶ፣ ከሦስቱ በሚበልጠው ይጨመርለታል። ውጭ ለሚኖር ሰው ይህ ጭማሪ የሚከፈለው በአውሮፓ ኅብረትና በአጎራባቾቹ፣ በስዊዘርላንድ፣ እንዲሁም ጭማሪን የሚያካትት ስምምነት ባላቸው አገሮች ነው። አሜሪካና እስራኤል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ካናዳና አውስትራሊያ አይደሉም። ኢትዮጵያም የለችበትም። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ፣ አበላቸው በመጀመሪያው ቀን መጠን የቆመባቸው ጡረተኞች ከ4 መቶ ሺህ በላይ ናቸው። አኔት ካርሰን የምትባል በደቡብ አፍሪካ የምትኖር ጡረተኛ ከሌሎች ጋር ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አድርሳ በ2010 ተረትታለች።

በቁጥር ሲታይ፦ በ2016 ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሙሉ አበል ቢኖረው በሳምንት 155.65 ፓውንድ ጀመረ። በ2025/26ም የሚያገኘው ያንኑ 155.65 ነው። ለንደን የቀረው ጓደኛው 230.25 ደርሷል። ልዩነቱ በሳምንት 74.60፣ በዓመት ወደ 3,880 ፓውንድ ሲሆን በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። ጡረተኛው ተመልሶ ብሪታንያ ከኖረ በዚያ ቆይታው ሙሉው መጠን ይከፈለዋል፤ ሲወጣ ወደ ቀዘቀዘው ይመለሳል።

“ፓውንድ ፓውንድ ነው፣ ብር ሲወርድ እኔ እጠቀማለሁ” የሚል ክርክር ይነሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ክርክር ጉልበት አግኝቷል፤ ቋሚ ፓውንድ በብር ሲቆጠር ከፍ ብሏል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይና የመድኃኒት ዋጋም ግን ዝም ብሎ አልቆመም። የሚያስተማምነው ነጥብ ሌላ ነው፤ የቀዘቀዘም ቢሆን በ923 ፓውንድ የተገዛ ዓመት በሦስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳል። መቀዝቀዙ የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለውን ትርፍ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ግዢው አሁንም አያከስርም፤ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ግን የአበሉ የመግዛት አቅም ይሟሽሻል። በ66 ዓመቱ የጀመረ ሰው (የጡረታው ዕድሜ ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ወደ 67 ከፍ ይላል) በ85 ዓመቱ የሚይዘው ከ19 ዓመት በፊት የተተመነ ገንዘብ ነው።

እዚያው ያሉት ግን የት ላይ ይጎድላቸዋል?

ለውጡ ውጭ ያሉትን ቢመለከትም ትልቁ ቁጥር ያለው ብሪታንያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ መብት ማጣት ሳይሆን መዝገብ አለማየት ነው።

ዋናውን ወጥመድ ላንሳ። አንድ ዓመት እንዲቆጠር ከአንድ አሠሪ የሚገኘው ደመወዝ በ2025/26 በሳምንት 125 ፓውንድ መድረስ ነበረበት። ደመወዙ ከዚያ በላይ፣ ግን መዋጮ መቆረጥ ከሚጀምርበት በታች ከሆነ ሳይከፍሉ ይቆጠራል። ቁልፉ ያለው “ከአንድ አሠሪ” በሚለው ላይ ነው። ጠዋት አንድ ቢሮ፣ ከሰዓት ሌላ፣ ማታ ሦስተኛ ቦታ የምታጸዳ ሴት ከእያንዳንዱ በሳምንት 110 ፓውንድ ብታገኝ ገቢዋ በዓመት ከ17 ሺህ ፓውንድ ይበልጣል። ሦስቱ ስለማይደመሩ ግን ዓመቷ በሥራዋ አይቆጠርም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ የምታገኝ ከሆነ በዚያ በኩል ይመዘገብላታል። ቪዛዋ የመንግሥት ድጎማ እንዳታገኝ የሚከለክል ከሆነ ግን ሁለቱም በር ይዘጋባታል፤ ያላት መንገድ በፈቃደኝነት መክፈል ነው።

በግሉ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው ወይም ምግብ የሚያደርሰው፣ በሌላ ደንብ ውስጥ ነው። ከ2024 ጀምሮ ለግል ሠራተኞች ክላስ 2 ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በ2025/26 ትርፉ ከ6,845 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው ሳይከፍል እንደከፈለ ይቆጠርለት ነበር። ከዚያ በታች የሆነው በፈቃዱ ያንኑ ርካሽ ክላስ 2 መክፈል ይችላል። ይህ መብት ለአገር ውስጥ ሠራተኛ አልተነካም። ብዙ ወጪ ቀናንሶ ትርፉን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ሾፌር ግብር ሲያተርፍ የጡረታ ዓመት እንደሚያጣ አያስተውልም።

እናቶችን በተመለከተ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቻይልድ ቤኔፊት የሚባለው የልጅ ድጎማ በስሙ የተመዘገበ ወላጅ ዓመቱ በነጻ ይቆጠርለታል። ችግሩ ማመልከቻው በሚሠራው ባል ስም ሲሆን ነው፤ እሱ ዓመቱ ቀድሞም ስለተቆጠረ አይጠቅመውም፣ ቤት የዋለችው ሚስት ግን ባዶ ትቀራለች። ይህን በነጻ የሚቆጠር ዓመት ወደ እሷ ማዛወር ይቻላል። በአዲሱ ሥርዓት ሚስት በባሏ መዋጮ ጡረታ የምታገኝበት አሮጌው መንገድ በአብዛኛው ስለቀረ፣ “የእሱ ይበቃናል” የሚለው አነጋገር ዛሬ አደገኛ ነው።

ከዚያ ደግሞ መግዛት ገንዘብን ማባከን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብሪታንያ ውስጥ የሚቀር፣ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ጡረታው አነስተኛ ከሆነ ፔንሽን ክሬዲት በሚባል ድጎማ በ2025/26 በሳምንት እስከ 227.10 ፓውንድ ይሞላለት ነበር። 20 የተቆጠሩ ዓመታት ያሉት ብቸኛ ሰው ጡረታው 131.57 ነው። በ5,538 ፓውንድ 6 ዓመት ቢገዛ ወደ 171 ከፍ ይላል፤ ከድጎማው ጋር የሚደርሰው ግን ሁለቱም ጊዜ ያው 227.10 ነው። ከኪሱ የወጣው ገንዘብ የቀነሰው የመንግሥትን ወጪ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድጎማ ከአገር ሲወጡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቋረጣል። ስለዚህ ለንደን ለሚያረጅ ሰው የማይረባው ያው ግዢ ባሕር ዳር ለሚያረጅ ሰው ብቸኛው ዋስትና ሊሆን ይችላል። “ልግዛ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው “የት ነው የምታረጀው?” ከሚለው ነው።

ከ2016 በፊት ዓመታት ያሉት ሰው ሌላም ማጣራት አለበት። አንዳንዶቹ የቀድሞ ዓመታት፣ በተለይ በመሥሪያ ቤት ጡረታ ምክንያት ዝቅ ያለ መዋጮ የተከፈለባቸው፣ ሲገዙ አበሉን ምንም ላይጨምሩት ይችላሉ። ገንዘቡን የሚቀበለው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ይጨምራል አይጨምርም የሚለውን የሚያሰላው ግን ጡረታውን የሚከፍለው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ ጋ ከፍሎ ሌላው ጋ ሳይጠይቁ መቅረት የተለመደ ጥፋት ነው።

ከዚህ ወዲያስ?

መንግሥት ከበጀቱ ጋር በፈቃደኝነት መዋጮ ላይ ሰፋ ያለ ግምገማ እንደሚያካሂድ አስታውቋል። ሦስት አቅጣጫዎች ይታዩኛል።

የመጀመሪያውና ይበልጥ የሚመስለኝ የዋጋ ጭማሪ ነው። በሩ አንዴ ከጠበበ በኋላ የቀረው የማስተካከያ መሣሪያ የክላስ 3 ዋጋ ነው። በሦስት ዓመት የሚመለስ ግዢ የመንግሥት ገንዘብ ያዥን ዓይን ለረጅም ጊዜ ሳይስብ አይቀርም። ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ውጭ ላሉት የተለየ ከፍ ያለ ተመን መጣልም ይቻላል።

ሁለተኛው የስድስት ዓመቱን የመክፈያ ጊዜ ማሳጠር ነው። የ2023ቱ ጥድፊያ ያስተማረው ሰው መጨረሻው ድረስ ጠብቆ፣ እንደሚጠቅመው ካረጋገጠ በኋላ ብቻ እንደሚገዛ ነው። ጊዜው ቢያጥር ገዢው ገና ሳያውቅ ለመወሰን ይገደዳል። ይህ ለመንግሥት ይጠቅማል፤ የሚጎዳው ግን መረጃ ዘግይቶ የሚደርሰውን፣ ማለትም ስደተኛውን ነው።

ሦስተኛው 10 ዓመት ላልሞላቸው መፍትሔ ማበጀት ነው፦ መዋጮን መመለስ ወይም ከብዙ አገሮች ጋር የዓመት መደመሪያ ስምምነት መፈረም። ለንደን በራሷ ተነሳሽነት ታደርገዋለች ብዬ አልገምትም፤ አበልን የሚጨምር አዲስ ስምምነት ስትሸሽ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የዓመት መደመሪያ ግን ከጭማሪው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ጥያቄ ነው፤ የሚከፈለው ሰውየው በትክክል ያዋጣበት ዓመት ብቻ ስለሆነ። ይህን ጥያቄ ማንሳት ያለበት የኢትዮጵያ ወገን ነው። እስካሁን ከዓረብ አገሮች ጋር የተፈረሙት የሥራ ስምሪት ስምምነቶች የሚያተኩሩት ሠራተኛ በመላኩና በጥበቃው ላይ ነው፤ ሠራተኛው ሲመለስ ይዞት ስለሚመጣው የጡረታ ዘመን ከብሪታንያም ከጀርመንም ጋር ድርድር ቢጀመር ጊዜው አሁን ነው።

እስከዚያው ውሳኔው የግለሰቡ ነው፤ የውሳኔው ጊዜም ተቀይሯል። በአሮጌው ደንብ ሰው ከወጣ በኋላ፣ ሲረጋጋ፣ ማሰብ ይችል ነበር። አሁን 8 ወይም 9 ዓመት የሞላው ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ማወቅ ያለበት፣ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ መቆየቱ የ10 ዓመት በርን እንደሚከፍትለትና እንደማይከፍትለት ነው። ቀድሞ ከወጣችሁ ደግሞ እስከ 2025/26 ያሉት ክፍተቶቻችሁ በአሮጌው የ3 ዓመት መስፈርት፣ የሥራውን መስፈርት ለሚያሟላም በክላስ 2 ጭምር፣ ገና ሊሞሉ ይችላሉ። ውጭ ያለ ሰው የሚያመለክተው ሲኤፍ 83 በሚባለው ቅጽ ነው። መልሱ ስለሚዘገይ ቀደም ብሎ መላክ ይበጃል። የ2020/21ን ክፍተት ለመሙላት የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 5/2027 ነው።